የጨርጨር ክረምትና የልጅ ድርሻ

ሰኔ ሊያልቅ ሲል ወላጆች የልጆቻቸውን ካርድ ለመውሰድ ወደ ትምህርት ቤት ይመጣሉ። ውጤቱን አይተው፣ ደስ ያለው ተደስቶ፣ የከፋውም ከፍቶት፣ ሊወጡ ሲሉ በር ላይ ቆም ብለው የሚጠይቁኝ ሁሌም አንድ ነው፦ «መምህር፣ እነዚህን ልጆች ሁለት ወር ሙሉ ምን ላድርጋቸው?» ዝናቡ ቤት ያስቀምጣል፣ ጭቃው ልብስ ይጨርሳል፣ ስልኩ ደግሞ ልጁን ይዞት ይሄዳል። ይህን ማብራሪያ የጻፍኩት ለዚያ የበር ላይ ጥያቄ ነው። ለጭሮ፣ ለሂርና፣ ለበዴሳ፣ ለገለምሶና ለመቻራ ቤተሰቦች፣ በሐምሌና በነሐሴ ዘመድ ለመጠየቅ ከአዲስ አበባም ከውጭ አገርም ለሚመጡት ጭምር።

የእኛ ተራራ ክረምት ቤተሰብ አብሮ የሚውልባቸው ቀናት ሞልተውታል። በአብዛኞቹም ውስጥ ለልጅ ብቻ የተተወ ድርሻ አለ፤ ትልቅ ሰው ሊሠራው የማይችለው ወይም ቢሠራው የማያምርበት። ልጁ ቆሞ እንዲያይ ከወሰድነው በግማሽ ሰዓት ይሰለቻል። ድርሻውን ከሰጠነው ግን በሚቀጥለው ዓመት ቀኑን የሚያስታውሰን እሱ ነው።

ክረምቱ እዚህ ምን ይመስላል

ጭሮ፣ ትልልቆቻችን እስከ ዛሬ አሰበ ተፈሪ የሚሏት፣ ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። የሐረር መንገድ የአዋሽን ቆላ ጨርሶ ከሚኤሶ በኋላ ሽቅብ ሲታጠፍ ግራሩ እየሳሳ ማሽላው፣ ጫቱና ቡናው ይተካል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጋራ ነው። የጨርጨር ደጋ የሚባለው ይህ ነው።

ለልጆች ማስረዳት የምወደው ነገር ይህ ተራራ የውሃ ድንበር መሆኑን ነው። በሰሜኑ ፊት የሚወርደው ዝናብ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። በደቡቡ ፊት የሚወርደው ዋቢ ሸበሌን ይዞ ወደ ሶማሊያ ይጓዛል። ከሸንተረሩ አናት ላይ አንድ ልጅ በግራ፣ አንድ ልጅ በቀኝ አቁማችሁ ውሃ ቢያፈስሱ፣ የሁለቱ ውሃ ዳግመኛ አይገናኝም። ካባራ በኋላ ከቤተሰብ ጋር ወጥቶ ይህን ለማየት አንድ ከሰዓት በኋላና አንድ ጆግ ውሃ ይበቃል።

ከውጭ አገር ለሚመጡ ቤተሰቦች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በአውሮፓና በአሜሪካ ሐምሌ የፀሐይ ወር ስለሆነ ልጆቹ ነጠላ ጫማና አጭር ሱሪ ይዘው ይመጣሉ። እዚህ ደግሞ ሐምሌ የጉም፣ የጭቃና የቦቲ ጫማ ወር ነው። የጨርጨር ዝናብ ሁለት ጊዜ ይመጣል፦ አንዴ በበልግ፣ አንዴ በክረምት። በበልግ የተዘራው ማሽላ ሐምሌ ላይ ልጅን ይሸፍናል፤ አረሙም አብሮ ይነሣል። የክረምቱ መሰባሰብ ሁሉ በዚህ ሰዓት ቆጣሪ ነው የሚሄደው።

ሐምሌ፦ ሥላሴና ቁልቢ

ሐምሌ 7 ሥላሴ ነው። በሚኤሶ በኩል ያለው የአሰቦት ደብረ ወገግ ገዳም በቅድስት ሥላሴ ስም የታነጸ ስለሆነ በዚያ ዙሪያ ላሉ ምእመናን ቀኑ ትልቅ ነው። ሐምሌ 19 ደግሞ ቁልቢ ገብርኤል ነው። ቁልቢ ያለችው በምሥራቅ ሐረርጌ ነው፤ ነገር ግን ከአዲስ አበባ የሚመጣው ተሳላሚ በጭሮና በሂርና ስለሚያልፍ በዓሉ ለእኛም ደጃፋችን ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ራስ መኮንን ናቸው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ ይነግሣል፤ ከሁለቱ የታኅሣሡ ሰው ይበዛበታል። ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ የሐምሌው ይሻላል እላለሁ፤ ትምህርት የለም፣ ግፊያውም ይቀንሳል፣ ዝናብ መኖሩን አውቆ ጃንጥላ መያዝ ብቻ ነው።

የልጁ ድርሻ ጧፉ ነው። ብዙ እናቶች ልጅ በስለት አግኝተው ያንኑ ልጅ ይዘው ይመለሳሉ። ልጁ ስለራሱ የተሳለውን ሰምቶ የራሱን ጧፍ በራሱ እጅ ሲሰጥ ጉዞው ትርጉም ያገኛል። በመንገድ ላይ ታሪኩን ንገሩት፤ መኪና ውስጥ ተኝቶ ደርሶ ተኝቶ እንዳይመለስ።

ቡሄ

በክረምቱ ውስጥ ካሉት ቀናት ሁሉ ሙሉ በሙሉ ለልጆች የተሰጠው ቡሄ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ።

በዓሉ ነሐሴ 13 ይውላል። ቤተ ክርስቲያን ደብረ ታቦር ትለዋለች፤ ክርስቶስ በታቦር ተራራ ላይ ለደቀ መዛሙርቱ ብርሃኑን የገለጠበት ነው። አባቶች እንደሚተርኩት፣ በዚያ ቀን እረኞች በተራራው ዙሪያ ከብት ይጠብቁ ነበር። ብርሃኑ ስለበራ መሽቶ ሳለ ያልመሸ መሰላቸውና እዚያው ቆዩ። ወላጆቻቸው ልጆቹ ሲዘገዩ ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ። የዛሬው ችቦና ሙልሙል ከዚያ መጣ ይባላል። የጅራፉ ጩኸት ደግሞ ከደመናው የተሰማውን ድምፅ ያስታውሳል ይላሉ። ስሙንም አንዳንዱ ከብራነት፣ ከመገለጥ ጋር ያያይዘዋል፤ አንዳንዱ ከሊጡ፣ ከቡሆው። ለእኔ ተማሪዎች ታሪኩ ሩቅ አይደለም። ከከተማው ዳርቻ የሚመጡት ነሐሴ ላይ እነሱም በተራራ ላይ ከብት ይዘው ያመሻሉ፤ እናት ደጃፍ ላይ ቆማ የምትጣራውን ያውቁታል።

ቀኑ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ይውላል፤ ጾሙ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። ስለዚህ ሥጋም ቅቤም የለም፣ የበዓሉ ንጉሥ ዳቦ ነው። ሙልሙል የሚባለው ለአንድ ልጅ እጅ የሚበቃ፣ ረዘም ያለ ትንሽ ዳቦ ነው።

አሁን ወደ ድርሻው። ሆያ ሆዬ ጭፈራ ብቻ አይደለም፣ የሥራ ክፍፍል አለው። አንዱ አውራጅ ነው፤ ግጥሙን ያውቃል፣ ድምፁ ያስተጋባል፣ ከሁሉ በላይ ግን የቤቱን ባለቤት ስምና ጠባይ አስታውሶ በዚያው ቅጽበት ስንኙ ውስጥ ያስገባል። ሌሎቹ ተቀባይ ናቸው፤ ዱላቸውን መሬት እየመቱ ምቱን ይጠብቃሉ። አንዱ ዳቦ ያዥ ነው፤ ቡድኑ የሚያምነው ልጅ ይመረጣል፣ ምክንያቱም ሲመሽ እኩል ማካፈል አለበት። ቤቱ ሲሰጣቸው ሳይመርቁ አይሄዱም። ስምንት ዓመት የሆነው ልጅ ጎረቤቱን ቆሞ የሚመርቅበት፣ አዋቂውም ራሱን ዝቅ አድርጎ «አሜን» የሚልበት ሌላ ቀን አላውቅም።

የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ከዓመት ዓመት ሙልሙል የሚጋግር ቤት እየቀነሰ፣ ሳንቲምና ብር የሚሰጥ እየበዛ ነው። ብር ሲሰጥ ልጆቹ ግጥሙን ያሳጥሩታል፤ ብዙ በር ለመድረስ ይሮጣሉ። ምርቃቱም ይቀራል። ዳቦ ግን ያስቆማል። ሞቅ ያለ ዳቦ እጁ ላይ ያረፈ ልጅ እዚያው ይገምጣል፣ ይስቃል፣ ሌላ ስንኝ ያክላል። ስለዚህ ወላጆችን የምለምነው ይህን ነው፦ በአንድ መንደር ያላችሁ ሦስት አራት ቤቶች ተነጋገሩና ለነሐሴ 12 ማታ ሙልሙል ጋግሩ። ዱቄት ውድ ነው፤ አውቃለሁ። ትንሽ ይሁን፤ የልጅ መዳፍ የሚያህል ይበቃል።

ሳምንቱን ደግሞ ለዝግጅት ተጠቀሙበት። አያት ወይም አጎት ግጥሞቹን ለልጆቹ ያስጠኗቸው። ጅራፉን ከልጥ ወይም ከቃጫ መግመድ ራሱ የሁለት ቀን ትምህርት ነው። ማጮህ የሚለማመዱት ግን ሰፊ ሜዳ ላይ፣ ከጀርባቸው ሰው በሌለበት ይሁን፤ የጅራፍ ጫፍ ዓይን ያጠፋል። ችቦውን የሚይዘው ትልቅ ሰው ነው።

በእኔ ሰፈር ልጆቹ የሚያንኳኩት በር የክርስቲያን ብቻ አይደለም፤ ከተማችን ቤት ለቤት የተቀላቀለ ነው። ሙስሊም እናቶች ከፍተው ሰምተው ሲስቁ፣ ቆሎ ወይም ዳቦ ሲያወጡላቸው አይቻለሁ። ልጆቻችሁን «እዚያ አታንኳኩ» አትበሏቸው። ባለቤቱ አይመቸኝም ካለ አመስግነው ይለፉ።

መውሊድ ለምን ወደ ክረምት መጣ

ዞናችን ምዕራብ ሐረርጌ አብዛኛው ሕዝቡ ሙስሊም ነው። ስለዚህ ስለ ክረምት በዓላት ስንናገር መውሊድን ሳንጠቅስ ካለፍን የግማሹን ክፍል ልጆች አልቆጠርንም ማለት ነው። ከተማሪዎቼ ደጋግሞ የሚመጣው ጥያቄም እዚህ ላይ ነው፦ «ቡሄ ሁልጊዜ ነሐሴ 13 ነው፤ መውሊድ ለምን ይንቀሳቀሳል?»

መልሱ ሰማይ ላይ ነው። የእኛ የአገር አቆጣጠር ፀሐይን ይከተላል፤ ዓመቱ 365 ቀን ነው፣ በአራት ዓመት አንዴ 366። የሂጅራ አቆጣጠር ጨረቃን ይከተላል፤ አሥራ ሁለት ጨረቃ 354 ቀን ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ 11 ቀን ነው። መውሊድ ረቢዑል አወል በሚባለው የጨረቃ ወር 12ኛ ቀን ላይ ስለሚውል በእኛ አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል። በ2017 ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነበር። በ2018 ነሐሴ 19 ገደማ ነው፣ በ2019 ነሐሴ 8 ገደማ፣ በ2020 ደግሞ ወደ ሐምሌ ማለቂያ ይገባል፤ እንደ ጨረቃዋ አንድ ቀን ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል። ልጆች ይህን በወረቀት ላይ እንዲያሰሉ ስጧቸው፤ ለክረምት የሚሆን ጥሩ የሂሳብ ልምምድ ነው።

ከዚያ ስሌት የሚወጣውን ግን አዋቂዎችም ልብ እንበለው። በ2018 እና በ2019 መውሊድና ቡሄ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይቀራረባሉ። ጨረቃዋ ዙሯን ጨርሳ እንዲህ ለመመለስ 33 ዓመት ያህል ይፈጅባታል። ዛሬ ሰባት ዓመት የሆነው ልጅ ይህን መቀራረብ እንደገና ሲያይ አርባ ዓመት ሞልቶት፣ የራሱን ልጅ እጅ ይዞ ነው።

መውሊድ በአገራችን ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ከሁለቱ ኢዶች ጋር የሕዝብ በዓል ሆኖ ታወጀ። በእኛ አካባቢ በሚያከብሩት ዘንድ ሌሊቱ የድቤ፣ የዚክርና የመንዙማ ነው፤ ትልልቅ ድስት ይጣዳል፣ ቡናው አይቋረጥም፣ ከቡና ገለባ በወተት የሚፈላው ሆጃም ይቀርባል። በሃይማኖታዊ ምክንያት መውሊድን የማያከብሩ ሙስሊም ቤተሰቦችም አሉ፤ ልጆች ይህን አውቀው ጓደኛቸውን «ለምን?» እያሉ እንዳያሸማቅቁት ንገሯቸው።

የልጁ ድርሻ ሰሐን ማድረስ ነው። ምግብ በጎረቤት ዘንድ የሚዞረው በልጅ እግር ነው፤ ልጁ ሰላምታውን በሁለቱም ቋንቋ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ አስተካክሎ መናገር አለበት፤ ባዶ ሰሐን ይዞ አይመለስም። መውሊድ በፍልሰታ ውስጥ ሲውል ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል፦ ክርስቲያኑ ጎረቤት ጿሚ ነው፣ የሥጋው ባራኪም የተለየ ነው። ስለዚህ የሚዞረው ሰሐን ሁሉም የሚበላው ይሁን፦ የጾም ዳቦ፣ ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ቴምር፣ የተጠበሰ በቆሎ። መውሊድ ከቡሄ በኋላ ሲውል ደግሞ የቡሄ ሙልሙል የወሰደ ሰሐን በቴምር ቢመለስ ልጆቹ ብዙ ማስረዳት አያስፈልጋቸውም።

ጉዛ

በሌላ አገር ደቦ፣ ወንፈል ወይም ጂጊ የሚባለው በሐረርጌ ጉዛ ይባላል። አንዱ ገበሬ ማሽላው አረም ሲውጠው ጎረቤቶቹን ይጠራል፤ እሱ ይመግባል፣ እነሱ ይሠራሉ፣ በሌላ ቀን ተራው የሌላው ይሆናል። በዘፈን ነው የሚሠራው፤ መዶማው የሚወርደው በዜማው ነው። ለከተማ ልጅ ከዚህ የተሻለ የክረምት ጉብኝት አላውቅም። ገጠር ዘመድ ያላችሁ ሁሉ ቀኑን ጠይቃችሁ ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ። ውሃ ማቀበል፣ የተነቀለውን አረም ለከብት መሸከም፣ ምሳ ማድረስ የልጆች ነው። ማሽላን ከአረሙ መለየትም ያን ቀን ይማራሉ፤ ብዙ ከተሜ አዋቂ አይችለውም።

አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ። የእኛ አገር አባቶች ከሰዓት በኋላቸውን ለበርጫ፣ ለጫት መቃሚያው፣ ይሰጣሉ። ጫት የዚህ ተራራ ገንዘብ ነው፤ የብዙ ተማሪዎቼ ደብተርና ዩኒፎርም የተገዛው በእሱ ነው፤ ይህን አልክድም። በርጫው ውስጥ ግን ለልጅ የሚሆን ድርሻ የለም። ጉዛው፣ ቡሄው፣ መውሊዱ አባት ከልጁ ጎን የሚቆምባቸው ጥቂት ሰዓታት ናቸው። በእነዚያ ቀናት ብቻ እንኳ በርጫው ይቆይላችሁ ብዬ አባቶችን እጠይቃለሁ።

ችግኝ መትከል

ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ካስታወቀ ወዲህ አረንጓዴ አሻራ በየክረምቱ ይደገማል። ትምህርት ቤቶች፣ መሥሪያ ቤቶችና ቀበሌዎች ይወጣሉ። ለጨርጨር ጉዳዩ የሞት ሽረት ነው፤ እርሻችን ቁልቁለት ላይ ስለሆነ ዛፍ የሌለው ጋራ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። ከጭሮ ብዙም ሳይርቅ ኩኒ ሙክታር የሚባለው መጠለያ የተከለለው ለደጋ አጋዘን ነበር፤ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ እንስሳ ነው። ደኑ ሲሳሳና አደኑ ሲበዛ አጋዘኑ እዚያ ተመናመነ። ልጆች ችግኝ የሚተክሉት ለማን ጭምር እንደሆነ ይህን ቢሰሙ መልካም ነው።

አተካከሉ ላይ የሚሳሳቱት ብዙዎች ናቸው። ጉድጓዱ ቀደም ብሎ ይቆፈር፣ አንድ ክንድ ያህል ይጥለቅ፣ የላይኛው አፈር ለብቻ ይቀመጥ። ፕላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ይወለቅ፤ ከነፕላስቲኩ የተተከለ ችግኝ ሥሩ ታፍኖ ይሞታል። በሥሩ ዙሪያ ያለው አፈር ግን አይፍረስ። ወይራ፣ ጽድ፣ ዝግባና ዋንዛ የአገሩ ናቸው፤ በሚተከሉበት ከፍታ የትኛው እንደሚስማማ የግብርና ባለሙያውን ጠይቁ።

እዚህ ላይ የልጁ ድርሻ የሚጀምረው ፎቶ ከተነሣ በኋላ ነው። በጥቅምት ዝናቡ ሲቆም ችግኙ ውሃ ይጠማዋል፣ ፍየልም ታየዋለች። አንድ ቤተሰብ አምስት ችግኝ ብቻ ተክሎ ለየልጁ አንድ አንድ ቢሰጥና እስከሚቀጥለው በልግ ውሃ ቢያጠጡ፣ መቶ ተክሎ ከረሳው ይበልጣል።

የዝናብ ማታ

ዝናቡ ከቤት በማያስወጣበት ማታ ተረት አለ። በአማርኛ «ተረት ተረት» ብሎ፣ በኦሮምኛ «ዱሪ ዱሪ» ብሎ ይጀመራል። እንቆቅልሽም አለ፤ ኦሮምኛ ተናጋሪ ልጆች ሂቦ ይሉታል። መልሱን ያጣ አገር ይሰጣል። በዚህ ጨዋታ የምንሰጣቸው አገሮች ከቅርብ ይሁኑ፦ ዶባ፣ መሰላ፣ ገመቺስ፣ ኩኒ፣ አርበረከቴ። ልጁ አሥር እንቆቅልሽ ሲሸነፍ የዞኑን ካርታ በቃሉ ያውቀዋል።

ተረት ለልጅ ማባበያ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የአገራችንን የመጀመሪያ የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ሰው ናቸው። ሩሲያ ተምረው የተመለሱት እኚህ ሰው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር የሚባለውን «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን የጻፉት የእንስሳት ተረት ይዘው ነው። አውሬዎቹ የሚያወሩት ስለ አስተዳደር ብልሹነት ስለነበር ቴአትሩ ታገደ። እኚሁ ሰው ከዚያ በኋላ የጨርጨር አገረ ገዢ ሆነው መጡ፤ ጨርጨርም በእሳቸው ጊዜ ለሌሎች ምሳሌ የሚሆን አውራጃ እንዲሆን ታስቦ ነበር። እኛ ቀበሮና ዝንጀሮ እያልን የምንተርከው ነገር አንድ ጊዜ ቤተ መንግሥትን ያስደነገጠ ነው።

ስለዚህ ልጆቹ ተረቱን ይስሙና ደግሞ ይጫወቱት። የጎረቤት ልጆች ተሰብስበው፣ ነጠላ መጋረጃ አድርገው፣ አንዱ ጅብ አንዱ አህያ ሆኖ፣ አያቶች ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዩ። ይህን በክፍሌ ሞክሬዋለሁ። ዓመቱን ሙሉ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ ጦጣ ሆና ስትገባ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሜዳው

በየቀበሌው የሚደረገው የክረምት እግር ኳስ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ወላጆች ግን ሄዳችሁ ተመልከቱ። ለሴቶች ልጆችም ሰዓት እንዲመደብ አዘጋጆቹን ጠይቁ፤ ሜዳው ባዶ የሚሆንበት ጠዋት አለ።

ስለ ጎርፍ

ይህ ክፍል ያስፈራል፤ ግን አልዘለውም። በ1998 ሐምሌ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሌሊት፣ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በደቻቱ ወንዝ ወርዶ ድሬዳዋን መታት፤ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። የእኛ ተራራ ደረቅ ወንዞችም እንዲሁ ናቸው። እናንተ ያላችሁበት ሳይዘንብ ከላይ ዘንቦ ደራሽ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ በክረምት ሽርሽር ምግባችሁን አሸዋማ ወንዝ ውስጥ አትዘርጉ፤ ውሃው ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት መያዝ ከጀመረ፣ ወይም ከላይ ድምፅ ከተሰማ ዕቃውን ትታችሁ ውጡ። ልጆች ለኳስ ብለው እንዳይመለሱ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። መብረቅ ሲኖር ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር መጠለል የለም። ሕዝብ ወደሚበዛበት በዓል ስትሄዱ የወላጅ ስልክ ቁጥር በልጁ ኪስ ውስጥ በወረቀት ይጻፍ፤ የምትገናኙበት ቦታም አስቀድሞ ይወሰን።

ክረምቱ ሲወጣ

ጳጉሜን ላይ ጉሙ መነሣት ይጀምራል። መስከረም 1 ልጃገረዶች አበባየሆሽ እያሉ አደይ አበባ ይዘው ይዞራሉ፤ ነሐሴ ላይ ወንዶቹ ያንኳኩትን በር አሁን እነሱ ያንኳኩታል። መስከረም 16 ደመራ ይደመራል። ወዲያው ኢሬቻ ይከተላል።

ኢሬቻ የኦሮሞ ሕዝብ ክረምቱን በሰላም ላሻገረው ዋቃ ምስጋና የሚያቀርብበት በዓል ነው። ትልቁ ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ቢሾፍቱ በሆራ አርሰዲ ዳር ይከበራል፤ ከእኛ አካባቢም ብዙዎች ይሄዳሉ። ልጆች ማወቅ ያለባቸው ግን የገዳ ሥርዓት ሩቅ አለመሆኑን ነው። በዴሳ አጠገብ ያለው ኦዳ ቡልቱም የኢቱ ኦሮሞ ጉባኤ የሚቀመጥበት፣ ሕግ የሚደነገግበት ቦታ ነው፤ ከታወቁት የኦዳ ማዕከላት አንዱ ነው። በጭሮ ያለው ዩኒቨርሲቲም ስሙን ከዚያ ወሰደ። የገዳ ሥርዓት በ2009 በዩኔስኮ ሲመዘገብ የተመዘገበው የእኛ ጋራም ታሪክ ነው።

በኢሬቻ ሰልፍ ፊት የሚሄዱት አባ ገዳዎችና ሲንቄ የያዙ እናቶች ናቸው። ሁሉም ሰው፣ ልጅም ሽማግሌም፣ እርጥብ ሣርና አደይ አበባ ይይዛል፤ ውሃው ዳር ሲደርስ ሣሩን ነክሮ ራሱ ላይ ይረጫል። ሣሩን ከመንገድ ዳር ሻጭ ገዝቶ መስጠት ይቀላል። እኔ የምመክረው ግን ሌሊት ጤዛው ሳይረግፍ ልጁን ቀስቅሳችሁ ወደ ሜዳው እንድትወስዱት ነው። የትኛው ለምለም እንደሆነ፣ ለአያቱ የትኛው እንደሚሻል፣ ራሱ እያየ ይምረጠው፤ ራሱም ይያዘው።